ኢየሩሳሌም ሄጄ ባክቴሪያ ያጠብኩበት ሳምንት

ኢየሩሳሌም ደርሶ የተመለሰ ሰው በደብረ ታቦር ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ መቃብሩን ተሳለምክ ወይ? ጧፍ አመጣህልን ወይ? ሁለቱንም አድርጌያለሁ፤ ጧፉም አልቋል፣ እባካችሁ ቤቴ አትመላለሱ። የሄድኩበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ከመጀመሪያው ከምጀምር አንድ ጊዜ በቅደም ተከተል ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። የምጽፈው ለማይሄዱት ነው። የሚሄዱት ራሳቸው ያዩታል።

ከመነሻው ልነሣ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርና የንጽህና ክበብ ሰብሳቢ ነኝ። ቤተ ሙከራ አለን፤ ማለትም ቁልፍ ያለው ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ የእንቁራሪት አጽም አለን። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉን የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ሊያደርጉት ቆርጠው ነበር። ልክ በዚያን ጊዜ፣ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህን ሊቀበሉ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ከልዩ ልዩ አገር ለተውጣጡ መምህራን ኢየሩሳሌም ውስጥ በሚሰጥ አጭር ሥልጠና ላይ ዕድል አገኘሁ። ርዕሰ መምህሩ ፈቃዱን ፈርመው ሲሰጡኝ እንዲህ አሉ፦

«እስከ መስከረም የሚሠራ አንድ ሙከራ ይዘህ ና። ካልያዝክ ቁልፉን ለንብረት ክፍል ታስረክባለህ።»

«ይዤ እመጣለሁ» አልኩ። ሰባት ቀን በቂ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ። ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ከአዲስ አበባ ወደዚያኛው አገር በአውሮፕላን አንድ እንቅልፍ እንኳ አልሞላም። ያተረፍኩትን ጊዜ ግን አየር ማረፊያው ላይ ከፈልኩት። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። «ስለ ባክቴሪያ ለመማር» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ባክቴሪያ ይዘሃል?»

እዚህ ላይ «አልያዝኩም» የሚል ሰው በሰላም ያልፋል። እኔ ግን መምህር ነኝ። በእያንዳንዱ ሰው አንጀት ውስጥ ከሕዝብ ቆጠራ በላይ የሆነ ባክቴሪያ እንዳለ፣ እሷም ብትሆን ይዛ እንደተቀመጠች አስረዳኋት። ሁለተኛ ሰው መጣ። ለእሱም አስረዳሁ። ሦስተኛው ሰው በዕድሜ ገፋ ያለ ነበር፤ ወረቀቶቼን አይቶ፣ ፊቴን አይቶ፣ «መምህር ነው፣ ተዉት» ያለ ይመስለኛል፤ ሁሉም ሳቁና ማኅተሙ ተመታ።

ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው ታክሲ ሸሩት ይባላል፤ የእኛው ሚኒባስ ነው። አሥር ሰው ካልሞላ አይነቃነቅም። ዘጠኝ ሆነን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ሾፌሩ በሩን ተደግፎ ሲጋራውን ያጨሳል። የባሕር ዳር መናኸሪያ ያለሁ መሰለኝ፤ የጎደለው «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ የሚጮኽ ረዳት ብቻ ነው። በመጨረሻ ድመት በቅርጫት የያዙ አሮጊት መጡና አሥር ሞላን። ድመቷ ብትቆጠር ኖሮ ቀድመን በሄድን ነበር።

ያረፍኩባት የኢትዮጵያ ጎዳና ጠባብ ናት፤ ግራና ቀኝ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ መሐል ላይ የእኛው ክብ ቤተ ክርስቲያን። የአጥቢያችን ቄስ የጻፉልኝን ደብዳቤ ይዤ በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ እማሆይ ወለተ ማርያም የእንግዶቹን ክፍሎች የሚጠብቁ መነኩሲት ናቸው። አጭር ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ረጅም ነው። የምስር ወጥ አቀረቡልኝ፤ አንሶላ ሰጡኝ፤ ከዚያም አስጠነቀቁኝ።

«በዚህ ግቢ ያለ ዕቃ ሁሉ በተቀመጠበት የተቀመጠው በምክንያት ነው። ምንም እንዳትነካ።»

«እሺ እማሆይ።»

ያን ቀን ያስተካከልኩት ሦስት መጥረጊያ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ በቁመታቸው አሰለፍኳቸው።

ረቡዕ። ቤተ ሙከራው ከጎዳናው በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ዘጠኝ መምህራን ነን። የሚያስተምሩን ፕሮፌሰር ሽማግሌ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ አንድ ነገር ከተናገሩ በኋላ እንደገና እስኪናገሩ ሻይ ይጠጣል። ረዳታቸው ግን የጎንደር ልጅ ሆና አገኘኋት። ታሚ ይሏታል፤ የሀገር ቤት ስሟ ታምር ነው። በስድስት ዓመቷ ነው የመጣችው፤ አማርኛዋም በስድስት ዓመቷ ላይ እንደቆመ ቀርቷል።

«አንተ፣ ቦ ቦ!» ብላ በዕብራይስጥ ና አለችኝ። «ወንበርህ እዚህ ነው። አትፍራ፣ ኤን በዓያ፣ ችግር የለም።»

ተማሪዎቼ እንኳ «አንተ» አይሉኝም። ዋጥ አደረግሁት።

አሁን ጉዳዩን ላስረዳ፤ የጉዞ ወሬ ብቻ የሚፈልግ ሁለት አንቀጽ መዝለል ይችላል። ሙከራው የሚሠራው በአፈር ውስጥ በሚኖር፣ ማንንም በማይጎዳ ባክቴሪያ ነው። የተሰጠን ዓይነት አንድ ጉድለት አለበት፦ ትሪፕቶፋን የሚባለውን የፕሮቲን ግብዓት ራሱ መሥራት አይችልም፤ ካልሰጡት ይራባል። ይሁን እንጂ የጤነኛ ዘመዱ ሬሳ ፈርሶ ዲ.ኤን.ኤው በአጠገቡ ከተንሳፈፈ፣ ቁራጩን ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባና ከራሱ ዘረመል ጋር ይሰፋዋል። ከዚያ በኋላ ጤነኛ ነው፤ ልጆቹም ጤነኛ ናቸው። እኛ ለቅሶ ቤት ሄደን ንፍሮ በልተን እንመለሳለን፤ እሱ የሟቹን ሙያ ይዞ ይመለሳል።

በሩን ግን ሁልጊዜ አይከፍትም። መጀመሪያ ብዙ መሆናቸውን ማወቅ አለበት። ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፣ በምን ያውቃል? እያንዳንዱ በኖረ ቁጥር አንዲት ትንሽዬ ኬሚካል ወደ ፈሳሹ ያንጠባጥባል። ጥቂት ከሆኑ ኬሚካሏ ተበትና ትቀራለች። ከተጨናነቁ ትጠራቀማለች፤ መጠኗ ሲበቃ የባክቴሪያውን ግድግዳ ከውጭ ትነካለች፣ ውስጥ ያሉት ዘረመሎች ይነቃሉ፣ ከባክቴሪያዎቹም የተወሰኑት ዲ.ኤን.ኤ. የሚያስገባውን በር ይከፍታሉ። ብዙ ሆነው ሳለ ለምን እንደሚከፍቱ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ፤ በዘመድ መሐል የወደቀ ዲ.ኤን.ኤ. የዘመድ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። ይህን ሁሉ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩ። የገባኝ መስሎኝ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባክቴሪያውን ምግብ ባነሰው ፈሳሽ ውስጥ ለአራት ሰዓት ያህል ትተዋለህ፤ ከዚያ የጤነኛውን ዲ.ኤን.ኤ. ትጨምራለህ፤ ከዚያ ትሪፕቶፋን በሌለበት ሳህን ላይ ታፈስሰዋለህ። በማግሥቱ ነጠብጣብ ከበቀለ ተሳክቶልሃል። የተሳካለት መምህር አንድ ሣጥን ይዞ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ውስጡ ሳህኖች፣ ዱቄቶች፣ ማጥለያዎች፣ ባክቴሪያን አሽከርክሮ ከፈሳሹ የሚለይ በእጅ የሚዞር ትንሽ ሴንትሪፉጅ፣ ዲ.ኤን.ኤ.ና በወረቀት ላይ የደረቀ ባክቴሪያ አለ። ሳህኑ ባዶ የሆነበት የምስክር ወረቀት ብቻ ይሰጠዋል። የምስክር ወረቀት ደግሞ ከተሰበረ ወንበር ጋር አይከራከርም።

ማታ ስመለስ ከጎዳናው ማዶ ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ከትንሽ ምኩራብ ብቅ ብሎ እጅጌዬን ያዘ። በዕብራይስጥ ጠየቀኝ፤ አልገባኝም። በእንግሊዝኛ «አይሁዳዊ ነህ? ዘጠኝ ነን» አለኝ። ለማኅበር ጸሎታቸው አሥር ወንድ ያስፈልጋቸዋል። ክርስቲያን መሆኔን ስነግረው እጅጌዬን ለቀቀና አስተካክሎልኝ፣ «ከዚያ ግቢ ነህ? መልካም ምሽት» ብሎ ሌላ ሰው ፍለጋ ሮጠ። እኔም ለእማሆይ ነገርኳቸው።

«እኛስ?» አሉ እማሆይ። «አምስት ካልሞላ ቅዳሴ የለ። ሁለት ቄስ ሦስት ዲያቆን። ድቁና አለህ?»

«በልጅነቴ ነበረኝ።»

«የት አደረስከው?»

«ዩኒቨርሲቲ ጠፋ።»

ምስሩን ቀንሰው አወጡልኝ።

ሐሙስ። ሳህኔ ባዶ ሆነ። አጠገቤ የተቀመጠችው የኬንያ መምህርት ሳህን ኩፍኝ የያዘው ልጅ ይመስላል። የእኔ እንደ ታጠበ ሳህን ያብረቀርቃል። ፕሮፌሰሩ አዩት፤ «እንደገና» አሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ታሚ አዝናናሃለሁ ብላ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ወሰደችኝ። የሐሙስ ገበያ እንደ እኛ የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ልዩነቱ የሚረግጥህ ሰው በጫማ መሆኑ ነው። አንዱ ነጋዴ ጥቁር ፍሬ በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እንኮይ መስሎኝ ነከስኩት፤ ወይራ ነበር፤ ጨውና ፍሬው አንድ ላይ ጥርሴን አገኙት። ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ አዝኖልኝ ኮክ ሰጠኝ፤ ዋጋውን አልቀበልም አለ።

ከሰዓት በኋላ ሙከራውን ደገምኩ። ያን ቀን ይበልጥ ተጠነቀቅሁ።

አርብ። እንደገና ባዶ። «እሑድ የመጨረሻው ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ለእሳቸው ረጅም ንግግር ነው። እዚያ አገር አርብ ቀን ሥራ በቀትር ይዘጋል። ፊቴን ያየችው ታሚ ቤታቸው ይዛኝ ሄደች።

የሚኖሩት ከከተማው በስተ ሰሜን፣ ፒስጋት ዘኤቭ ነው፤ ፎቅ ከፎቅ ጋር የተደረደረበት፣ ቀለሙ ሁሉ የድንጋይ የሆነ ሰፈር። እናቷ እትዬ ዘነቡ በር ላይ ጠበቁኝ። ታሚ ገና ሳትገባ «እማዬ፣ የሚገርም መምህር ነው! አንተ፣ ሁለት ጊዜ ዜሮ አመጣህ አይደል?» አለች።

«አንቱ በይ!» አሉ እናቷ። «መምህር እኮ ናቸው! አዬ፣ ይቅር ይበሏት። እዚህ አገር እግዜርንም አንተ፣ ፖሊሱንም አንተ ነው።»

የፈራሁት ማዕዱን ነበር፤ የእነሱ እርድ ለእኛ፣ የእኛም ለእነሱ እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን። እትዬ ዘነቡ ግን ሽሮ ሠርተው ነበር። «አርብ አይደል? የደብረ ታቦር ክርስቲያን አርብ ሥጋ እንደማይበላ ልረሳ ነው እንዴ? ጎረቤቶቼ እኮ ነበራችሁ» አሉ። ጀምበር ሳትጠልቅ መብራቱን አበሩ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ስለ ጋይንት መንገድ፣ ስለ እንፍራንዝ ሎሚ ጠየቁኝ። ልሂድ ብዬ ስነሣ ታሚ ሳቀች። ሰንበት ከገባ አውቶቡስ የለም። ይህን የማያውቅ እንግዳ ማደሩ እንደማይቀር ገብቷቸው እናቷ አስቀድመው ፍራሽ ዘርግተው ነበር።

ቅዳሜ። በእግሬ ተመለስኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ባዶ አስፋልት ላይ ሄድኩ፤ ለደብረ ታቦር ሰው ይህ መንገድ አይባልም፤ ግን ጫማዬ አዲስ ነበር፣ እግሬን ላጠው። ግቢው ውስጥ አባ ተክለ ማርያም በወንበራቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። አረጋዊ መነኩሴና ቄስ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የሚውሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ከዛፉ ሥር ነው።

«ነገ ብቻችንን ነን» አሉኝ። «ሌሎቹ ለአገልግሎት ዴር ሡልጣን ወጥተዋል። እዚህ የቀረነው አምስት ነን፤ ልክ አምስት። አንድ ሰው ቢያነጥሰው ቅዳሴ የለም።»

ዴር ሡልጣን በአሮጌው ከተማ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለው የመነኮሳቶቻችን ገዳም ነው። አባ ያን ደረጃ መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል።

እሑድ። ንጋት ላይ፣ የአባ ወንበር ገና ባዶ ሳለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የወንዶች በር ስደርስ ጫማ ተበታትኖ አየሁ። አራት ጥንድ፦ ተረከዙ የተረገጠ ቆዳ ጫማ፣ ሁለት የላስቲክ ሰንደል፣ ማሰሪያው የተቋጠረ የስፖርት ጫማ። አንዱ ሰንደል በግንባሩ ተደፍቷል። የእግዚአብሔር ቤት ደጃፍ! በውስጥ በኩል ባዶ የጧፍ ቁም ሣጥን ነበር። ጫማዎቹን በቁመታቸው ደረደርኩ፣ የራሴንም ጨመርኩ፣ ቁም ሣጥኑን ዘጋሁ፣ ደስ ብሎኝ ገብቼ ቆምኩ።

ቅዳሴው አልጀመረም። አንዱ ቄስና ሦስቱ ዲያቆናት ለብሰው በመቅደሱ ውስጥ አባን ይጠብቃሉ። ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ወደ ግቢ መውጣት ደግሞ የለም። ቆምን። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገባች። ቆምን። ከሴቶቹ በኩል እማሆይ ሦስት ጊዜ አስነጠሱ፤ ማስነጠስ አልነበረም። በመጨረሻ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

አባ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ።

«አባ! ምነው? ሰው ሁሉ እኮ ቆሞ ቀረ!»

«የት ቆሞ?» አሉ አባ፣ በጣታቸው ወደ በሩ እያሳዩ። «ጫማ የታለ? እኔ ይህን ደረጃ ወጥቼ ሰው ጎድሎ ከተመለስኩ ሁለተኛ አልወጣም፤ ለእኔ ጉልበት ደብረ ዳሞ ነው። ከዚህ ሆኜ ጫማ እቆጥራለሁ። አራት ከሞላ እነሣለሁ። ዛሬ አንድም የለ፤ ሁሉም ዴር ሡልጣን ሄደዋል ብዬ ዳዊቴን ጀመርኩ።»

እማሆይ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ነህ። መጥረጊያዎቹን ያሰለፍክ ዕለት ማወቅ ነበረብኝ።»

«ተበታትኖ ስላየሁት…»

«ቁም ሣጥን ውስጥ? ጫማ? በጧፍ ቦታ?»

አባ ሳቁ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ ትከሻዬን ይዘው ደረጃውን ወጡ፣ ቅዳሴውም ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ የተቀደሰውን ሁሉ ሰምቻለሁ ብል እዋሻለሁ። ሐሳቤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አራቱ ሰዎች በቦታቸው ነበሩ፤ እኔ ያነሣሁት ጫማቸውን ብቻ ነው። ያም አባን ከወንበራቸው እንዳይነሡ አደረጋቸው። ረቡዕስ ምን አድርጌ ነበር? በአራቱ ሰዓት መሐል ሌሎቹ ሻይ ሲጠጡ፣ ፈሳሼ ደፍርሶ፣ ሽታውም ከፍቶ አየሁት። በሴንትሪፉጅ አሽከርክሬ ባክቴሪያው ከታች ሲዘቅጥ፣ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ደፍቼ፣ በንጹሕ ፈሳሽ ተካሁት። ሦስት ጊዜ። ሐሙስ ደግሞ ተጠንቅቄ አምስት ጊዜ። ማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኩትም፤ ፊቱን መታጠቡን የሚጽፍ ማን አለ? ባክቴሪያዎቹ ተጨናንቀው ነበር፤ ያንጠባጠቡትን ሁሉ ግን እኔ በየጊዜው እደፋባቸዋለሁ። እያንዳንዱ ብቻውን ያለ መስሎት ዳዊቱን ይደግማል።

«እግዚኦ» ሲባል ከልቤ «እግዚኦ» አልኩ።

ጸሎቱ እንዳበቃ ወደ ቤተ ሙከራው ሮጥኩ፤ እዚያ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው።

«ታሚ፣ አጥቤዋለሁ!»

«ማ ፒትኦም! እንዴት ተብሎ! ምን ማለት ነው አጠብከው? ባክቴሪያውን? ለምን?»

«ቆሽሾ ነበር።»

ወንበሩን ይዛ ሳቀች። ለፕሮፌሰሩ ስትነግራቸው እሳቸው አልሳቁም፤ ወረቀት አንሥተው ሦስት ብልቃጥ ሣሉና ብዕሩን ሰጡኝ። ገባኝ። አንደኛውን ብልቃጥ ሳልነካ ተውኩት። ሁለተኛውን እንደ ልማዴ አጠብኩት። ሦስተኛውንም አጠብኩት፤ ነገር ግን በንጹሕ ፈሳሽ ፋንታ ከኬንያዊቷ የተጨናነቀ ብልቃጥ የተገኘውን ድፍርስ፣ አንድም ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አጥልዬ መለስኩለት። ፕሮፌሰሩ አራተኛ ጨመሩ፤ እሱ ዲ.ኤን.ኤ. አይሰጠውም፣ ባዶ ካልሆነ ዋሽተናል ማለት ነው። ሁለቱን ከማጥብባቸው ደቂቃዎች በስተቀር አራቱን ሰዓት በእጄ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ታሚ ሻይ ባመጣችልኝ ቁጥር እጄን ትመረምራለች።

ሰኞ። ከሰዓት በኋላ ኢንኩቤተሩ፣ የሳህኖቹ ማሞቂያ፣ ተከፈተ። ያልታጠበው ሳህን ኩፍኝ ይዞታል። የታጠበው ያብረቀርቃል። ዲ.ኤን.ኤ. ያልተሰጠውም ያብረቀርቃል። ሦስተኛው፣ ታጥቦ የጎረቤት ድፍርስ የተመለሰለት፣ ከመጀመሪያው ያነሰ ቢሆንም በቅሏል። ቆጠርኩት፤ ታሚም ቆጠረች፤ አልተስማማንም፤ እንደገና ቆጠርን። ፕሮፌሰሩ ሣጥኑን ራሳቸው አንሥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ስህተትህንም አስተምራቸው» አሉ። ከዚያ ሻይ ጠጡ።

በማግሥቱ ንጋት ከመውጣቴ በፊት ልሰናበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ በሩ ላይ ተውኩት፣ አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ። አየር ማረፊያው ላይ «ባክቴሪያ ይዘሃል?» ሲሉኝ የፕሮፌሰሩን ደብዳቤ አውጥቼ ዝም አልኩ። ዝምታ ፈጣን ነው።

መስከረም ላይ የቤተ ሙከራው በር ተከፈተ። አሥራ አንደኛ ክፍሎች ሦስቱን ብልቃጥ አዘጋጅተው፣ ሰዓቱ እስኪሞላ በጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው ሳለ ርዕሰ መምህሩ ከንብረት ክፍል ኃላፊው ጋር ገቡ። ድፍርሱን አዩ፤ አሸተቱት።

«ይሄ ምንድን ነው? የንጽህና ክበብ ሰብሳቢ አይደለህም እንዴ? አሁኑኑ ይታጠብ!»

«አይታጠብም» አልኩ። ተማሪዎቼ ቀና ብለው አዩኝ። ከእኔ አፍ ይህን ቃል ሰምተው አያውቁም።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩን ጠራኋቸው። ሳህኖቹን በብርሃን ላይ አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ነጠብጣብ ነው» አሉ።

«ነጠብጣብ ነው» አልኩ።

«ይሄኛው ለምን ባዶ ሆነ?»

አንዲት ተማሪ ቀደመችኝ። «እሱን መምህር ኢየሩሳሌም ሆነው እንዳጠቡት አጥበነው ነው» አለች።

ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን አልጠየቁም። የተሰበሩት ወንበሮች አሁንም በረንዳው ላይ ዝናብ ይመታቸዋል፤ ስለዚያ ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ። ከዓመታት በፊት በራሴ እጅ ጽፌ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ማስታወቂያም እዚያው አለ፦ «ዕቃ ሳያጥቡ መውጣት ክልክል ነው።» ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ «ከሴንትሪፉጅ በፊት መምህሩን ይጠይቁ፤ መምህሩም እማሆይን ይጠይቃል።»